የእባጭ ተርቦችን ለመለየት የገዛሁት ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ከሁለት አመት በኋላ

እሺ፣ ይሄን ሪቪው ለመጻፍ ሁለት አመት የጠበቅኩት ሆን ብዬ ነው። ማንኛውም እቃ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነው፣ ሌንሱን አቧራ አልነካውም፣ ብሎኑ አልላላም፣ ገዢውም ያወጣው ገንዘብ እንዳይቆጨው ብሎ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ይሄዳል። እኔ ግን እዚህ እቃ ላይ አንገቴ እስኪደነዝዝ ተቀምጫለሁ፣ ስለዚህ የምለውን አውቄ ነው የምለው።

ብራንዱን አልጠራም። አንደኛ ያው ተመሳሳዩ እቃ በአስር አይነት ስም ተለጥፎበት ነው የሚሸጠው፣ ሁለተኛ ደግሞ ነገሩ ያለው ስሙ ላይ ሳይሆን አይነቱ ላይ ነው። ከ7 እስከ 45 እጥፍ ዙም የሚያደርግ፣ ሁለት የአይን መመልከቻና ለካሜራ የሚሆን ሶስተኛ ቱቦ ያለው፣ ከላይም ከታችም ኤልኢዲ መብራት፣ ጎኑ ላይ ፎከስ ማስተካከያ፣ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ በ2 እጥፍ የሚጨምር ተጨማሪ ሌንስና አንድ ትንሽ ካሜራ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ 90 እጥፍ ተብሎ የተጻፈው ያቺን ተጨማሪ ሌንስ አስቦ ነው። ስለ 90ዋ በኋላ እመጣበታለሁ፣ ቂም አለኝ።

መጀመሪያ ግን ምን እንደምሰራበት ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ሪቪው ትርጉም የለውም። ሞባይል የሚጠግን ሰው ይሄንኑ እቃ ገዝቶ በጣም ሊደሰት ይችላል። እኔ የማየው ተርብ ነው፣ ግን ቤት ጣሪያ ላይ ቀፎ ሰርቶ የሚናደፈውን አይደለም። እባጭ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅኖቹን ነው፣ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ሰውም አይነኩም። እናትየው የኦክ ዛፍ (ባሉጥ የሚባለው) እምቡጥ ወይም ቅጠል ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዛ ዛፉ በተርቧ ታዞ ይሁን ተታሎ ብቻ ከእንቁላሉ በሚፈለፈለው እጭ ዙሪያ ያብጣል፣ ቤትም ምግብም ሆኖ ያሳድግላታል። አንዱ እባጭ ኳስ ይመስላል፣ አንዱ የልብስ ቁልፍ ይመስላል፣ አንዱ ጸጉራም ነው፣ አንዱ ደግሞ ግንዱ ውስጥ ተደብቆ ከውጪ ምንም አይታይም። ኦክ ላይ እባጭ የሚሰሩት ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ስም ወጥቶላቸዋል፣ ገና ያልወጣላቸውም ሞልቷል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከእባጩ የሚወጣው ሁሉ ባለቤቱ አይደለም። እባጩን ለቅመህ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠህ አፉን በስስ ጨርቅ ዘግተህ ትጠብቃለህ፣ ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ሶስት አራት አይነት ተርብ ይወጣል። አንዱ ቤቱን ያሰራው ነው። ሁለተኛው ደባል ነው፣ ራሱ ቤት ማሰራት አይችልም ግን ሰው ቤት ገብቶ የእባጩን ስጋ ይበላል፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ በዛው ያልቃል፣ ሲነርገስ የሚባለው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) እንዲህ ያሉ ደባሎች የሞሉበት ነው። ሶስተኛው ገዳዩ ነው፣ ባለቤቱን ወይም ደባሉን ወይም ሌላውን ገዳይ በልቶ የሚያድግ፣ ብዙዎቹ አረንጓዴና ሰማያዊ ብረት የሚመስል ቀለም ያላቸው ሲሆኑ ቶሪመስ የሚባሉት እንቁላል መጣያቸው ከሰውነታቸው ሊበልጥ ይችላል። በ2017 ስም የወጣለት ዩዴረስ ሴት (ሴት እዚህ ጾታ ሳይሆን ስም ነው) የሚባለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ እባጭ ሰሪዋ ተርብ መውጫዋን ስትፈለፍል ቀዳዳውን አጥብቦ እንድትተው ያደርጋትና ጭንቅላቷ እንደ ቡሽ ተወትፎ ይቀራል፣ እሱ ውስጧን በልቶ ጭንቅላቷን በስቶ ይወጣል። ስሙን ያገኘው ሴት ከሚባለው የጥንት ግብጾች አምላክ ነው፣ ወንድሙን ኦሲሪስን ሳጥን ውስጥ ከቆለፈው፣ ስሙ ይገጥመዋል እላለሁ እኔ።

እና የማይክሮስኮፑ የመጀመሪያ ስራ ይሄ ነው፣ ማሰሮው ውስጥ ያገኘሁት ማን እንደሆነ መለየት። በዚህ በኩል እቃው አስር ከአስር ነው። በ7 እጥፍ ሳህኑን ሙሉ ታያለህ፣ በወረንጦ አንዱን ከአንዱ ትለያለህ፣ ሁለቱም አይን ስለሚሰራ ጥልቀቱ ይታይሃል፣ እጅህ የት እንዳለ ታውቃለህ። በተራ አንድ አይን ማይክሮስኮፕ ይሄን ለመስራት የሞከረ ሰው ልዩነቱን ይገባዋል፣ እዛ ምስሉ ይገለበጣል፣ ወደ ቀኝ ስትገፋ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ተርቧን አድነህ አድነህ ታደቃታለህ። እዚህ ግን አንድ ጠዋት ውስጥ ሁለት መቶ ተርብ ለይቼ በአልኮል ጠርሙስ ከፋፍዬ አውቃለሁ፣ ራስ ምታት ሳይዘኝ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የሁለቱ መመልከቻዎች አቅጣጫ በጥቂቱ ከተዛነፈ አይን ለማስተካከል ሲታገል ይውላል፣ ማታ ጭንቅላት ይፈነዳል። የኔው ከካርቶኑ ሲወጣ የተስተካከለ ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ማየት ከቻላችሁ በከፍተኛው ዙም አንድ ነጥብ ላይ ፎከስ አድርጉና ወደ ዝቅተኛው ተመለሱ፣ ነጥቡ መሀል ላይ ካልቆየ ወይም ሁለት ከሆነ አትንኩት።

አሁን ወደ ከበደው ስራ። አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ለመጻፍ መለየት አይበቃም፣ መግለጽ አለብህ። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የእንስሳት ስም አወጣጥ አለም አቀፍ ደንብ እባጩን ብቻ አይቶ የተሰጠን ስም ከ1930 በኋላ አይቀበልም። እባጩ የእንስሳው ስራ ነው እንጂ እንስሳው አይደለም። ከዛ በፊት የወጣ ይጸናል፣ አሁን ግን የቱንም ያህል የሚያምር፣ ማንም ያላየው እባጭ ብታገኝ ተርቧ ራሷ ካልወጣችልህ ስም የለህም። ከወጣችም አንዷን መርጠህ ሆሎታይፕ ታደርጋለህ፣ ማለት ስሙ ለዘላለም የተሰካባት አንዷ ናሙና፣ የት ስብስብ ውስጥ እንደምትቀመጥም ትጽፋለህ። ጽሁፉ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ዙባንክ ላይ (የእንስሳት ስም የሚመዘገብበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው) መመዝገብ አለበት። ስለዚህ በመጨረሻ ሁሉም ነገር የሚመጣው አንዲት 2 ሚሊ ሜትር የሆነች የደረቀች ነፍሳት ጋ ነው፣ እሷም ስፒል ላይ በተሰካች ሶስት ማዕዘን ካርድ ጫፍ በጠብታ ሙጫ ተጣብቃ ይህ ማይክሮስኮፕ ስር ትቀመጣለች።

ምንድነው የሚታየው ካላችሁ፣ የአንቴናዋ ክፍሎች ስንት ናቸው፣ የደረቷ ጀርባ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ቦዮች ሙሉ ናቸው ወይስ መሀል ላይ ይጠፋሉ፣ ቆዳው ልስልስ ነው ወይስ እንደ ቆዳ ጫማ የተጨማደደ፣ የፊት ክንፏ ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍል ዝግ ናት ወይስ ክፍት፣ የእግሯ ጥፍር ስሩ ላይ ጥርስ አለው ወይ፣ ሆዷ ስር ያለችው እሾህ ከወርዷ ስንት እጥፍ ትረዝማለች፣ ግንባሯ አናት ላይ ባሉት ሶስት ትናንሽ አይኖች መሀል ያለው ርቀት ከትልቁ አይን ጋር ካለው ርቀት ጋር ሲወዳደር እንዴት ነው። ሲነርገስ ከሆነች ፊቷ ላይ ከአፏ ዙሪያ እንደ ጸሀይ ጨረር የሚበተኑ ጭረቶች አሉ፣ የደረቷ ጀርባ ደግሞ አግድም የተሰነተረ ነው። እነዚህ ሁሉ በ45 እጥፍ ይታያሉ። ልድገመው፣ ጥፍሩ ላይ ያለችው ጥርስ ሳትቀር በ45 ትታያለች፣ መብራቱ ከተስተካከለ።

መብራቱ ግን አልተስተካከለም። እዚህ ጋ ነው የመጀመሪያው ትልቁ ቅሬታዬ። አብሮ የሚመጣው የቀለበት ኤልኢዲ ራቁቱን ነው፣ መከለያ የለውም፣ ተርቦቹ ደግሞ ብዙዎቹ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ምን ይፈጠራል፣ እያንዳንዷ አምፖል ቆዳው ላይ እንደ መስታወት ታንጸባርቃለች። እኔ ገና ጀማሪ እያለሁ የመጀመሪያዋን ተርቤን ስገልጽ በሙሉ ልቤ የጻፍኩት ምን መሰላችሁ፣ "የደረቷ ጀርባ ላይ በክብ የተደረደሩ ደማቅ ነጠብጣቦች አሉ"። የሚያሰለጥነኝ ሰውዬ፣ በዚህ ስራ ያረጀ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ወረቀቱን አንብቦ ዝም አለ፣ ከዛ መነጽሩን አውልቆ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ የገለጽሽው ተርቧን ነው ወይስ አምፖሉን?" አለኝ። ቆጠርናቸው። ነጠብጣቦቹ ከአምፖሎቹ ቁጥር ጋር እኩል ነበሩ። እስከ ዛሬ "ያቺ ባለ መብራቷ ዝርያሽ እንዴት ናት" እያለ ይጠይቀኛል።

መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ለዚህም ነው ፋብሪካው ባለማድረጉ የሚያናድደኝ። አንድ ስስ ነጭ ወረቀት፣ ያ ስዕል ላይ አስቀምጠው የሚገለብጡበት አይነት፣ በሲሊንደር ጠቅልላችሁ ተርቧ ዙሪያ አቁሙት፣ መብራቱ በሱ ውስጥ እንዲያልፍ። ወይ የፒንግ ፖንግ ኳስ ለሁለት ቁረጡና አናቱን ብሱት። ብርሀኑ ይለሰልሳል፣ ነጸብራቁ ይጠፋል፣ ድንገት ቆዳው ላይ ያልነበሩ የመሰሉ ጭረቶች ብቅ ይላሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ በወረቀቱ 30 እጥፍ ያለ ወረቀቱ ከ90 ይበልጣል። ከዛ ሌላ ጊዜ ደግሞ መብራቱን በአንድ ጎን ብቻ አድርጉ፣ ጥላው ጉድጓዱንና ቦዩን ያወጣዋል፣ ለስላሳው ብርሀን የደበቀውን። ሁለቱንም አይታችሁ ካልጻፋችሁ አንዱ ይዋሻችኋል።

እና 90። ማጉላትና ጥራት አንድ አይደሉም፣ ይሄን ሻጮች እያወቁ ነው የሚያምታቱት። ያቺን 2 እጥፍ ሌንስ ከስር ስትገጥሟት ምስሉ ይተልቃል፣ ያው ደብዛዛነቱም አብሮ ይተልቃል፣ ፎከስ የሚሆነው ውፍረት ይሳሳል፣ ይጨልማል። ከሁሉ በላይ ግን ከሌንሱ ጫፍ እስከ ናሙናው ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ 3 ገደማ ይወርዳል። 3 ሴንቲ ሜትር ማለት የስፒል ቁመት አያክልም እኮ! ተርቧ ካርድ ላይ ናት፣ ካርዱ ስፒል ላይ ነው፣ የስፒሉ ራስ ከተርቧ በላይ ይወጣል። አንድ ቀን ማታ ላይ ፎከስ ሳወርድ ሌንሱ ስፒሉን ገፋው፣ ስፒሉ ዞረ፣ ተርቧ ወረቀቱን ነካች፣ ቀኝ አንቴናዋ ከሶስተኛው ክፍል ተሰብሮ ወደቀ። የትኛዋ እንደነበረች ገምቱ። ለሆሎታይፕ ከመረጥናቸው አንዷ። ደግነቱ የግራው ሙሉ ነበር፣ ክፍሎቹንም አስቀድሜ ቆጥሬያለሁ፣ የወደቀችውን ቁራጭ እርጥብ ብሩሽ ጫፍ ላይ አንስቼ እዛው ካርዱ ላይ ለጠፍኳት። ግን መግለጫው ላይ "የቀኝ አንቴና ተሰብሯል" የሚለው ቃል ለዘላለም ይኖራል፣ የኔ ጥፋት ሆኖ። ከዛ ቀን ጀምሮ ያቺ ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ናት። ከ45 በላይ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቆዳውን ጥቃቅን ሸካራነት ለማሳተም፣ የሚሰራው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፣ እሱን ካለው ተቋም ጋር ተስማሙ እንጂ በዚህ እቃ አትታገሉ።

ልኬት ላይ የገጠመኝን ካልነገርኩ ይሄ ሪቪው ጎዶሎ ነው። የዙሙ ማዞሪያ በየቁጥሩ ላይ ቀጭ ይላል፣ 1፣ 2፣ 3፣ እስከ 4.5 (የአይን መመልከቻው በ10 ሲያባዛው 4.5ቱ 45 እጥፍ ይሆናል)። ቀጭ ካለ በቃ ቁጥሩ ላይ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ። በኋላ 1 ሚሊ ሜትር በመቶ የተከፋፈለባት የመለኪያ ስላይድ አምጥቼ ሳመሳክር፣ 2 ላይ ያለው ቀጭታ ከላይ ስመጣና ከታች ስመጣ እኩል አይደለም፣ አንዴ ያንሳል አንዴ ይበልጣል፣ በመቶ ሶስት አራት ያህል። ትንሽ ትመስላለች። ደስ የሚለው ግን የዚህ ስራ አብዛኛው ልኬት ጥምርታ ነው፣ ይሄ ከዛ ስንት እጥፍ ነው የሚል፣ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዙም ከተለኩ ስህተቱ ተጣፍቶ ይወጣል። የሰውነቷ ርዝመት ብቻ ነው የሚበላሸው። እኔ ግን ጭንቅላቷን በ4.5፣ ደረቷን በ2 እየለካሁ ነበር፣ ለምን ብትሉኝ ጭንቅላቷ ትንሽ ስለሆነ በደንብ እንዲታየኝ ብዬ። ሰላሳ ምናምን ተርብ እንደ አዲስ ለካሁ፣ ሁለት ሳምንት። የጻፍኩት "ሰፋ ያለ ጭንቅላት" የሚል መለያ ከዛ በኋላ ጠፋ፣ የለም፣ አልነበረም።

ሌላም አለ፣ ይሄ የእቃው ጥፋት ሳይሆን የአሰራሩ ጠባይ ነው። እንዲህ አይነቱ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ሁለት የተለያየ መንገድ ነው ያለው፣ አንዱ ለግራ አይን አንዱ ለቀኝ፣ ሁለቱም ናሙናውን በትንሹ ከጎን ነው የሚያዩት፣ ጥልቀት የሚመጣውም ከዛ ነው። ካሜራው ደግሞ የሚወስደው የአንዱን መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶ ላይ ተርቧ ሁሌም በትንሹ ተንጋዳለች፣ በፎቶ ብትለካ አንዱ ጎን ያጥራል። ናሙናውን በትንሽ የሸክላ ጭቃ ላይ ተክላችሁ ካሜራው ፊት ለፊት እንዲያያት አዘንብሏት፣ ሁለቱ አይኖቿ እኩል እስኪታዩ ድረስ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ካሜራው ራሱ? አይረባም፣ ብዙም አልቆይበትም። ቀለሙ ይቀየጣል፣ ሶፍትዌሩ ከማሻሻያ በኋላ መክፈት እምቢ ብሎኝ ያውቃል። ቱቦው ላይ ሌላ ካሜራ መግጠም ይቻላል፣ ያንን አድርጌ ከላይ እስከ ታች ሰላሳ አርባ ፎቶ በተለያየ ፎከስ አንስቼ በኮምፒውተር አንድ ላይ እደርባቸዋለሁ፣ ከአንቴና እስከ ጥፍር ጥርት ያለ ምስል ይወጣል። ፎከሱን በእጅ ነው የማዞረው፣ ትንፋሼን ይዤ።

የሻጩ ነገር፣ ፎከስ ማዞሪያው በስምንተኛው ወር ሲላላ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ አራት ጊዜ "ቪዲዮ ላኩ" አሉኝ፣ አራት ጊዜ ላክሁ፣ አምስተኛው ላይ ቁልፍ ላኩልኝ። አዲስ ክፍል አይደለም፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ! መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዛ ቁልፏን ጎኑ ላይ ያለች ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ ሩብ ዙር ሳጠብቃት ተስተካከለ። ያንን ለመናገር አራት ቪዲዮ ምን ያደርጋል?

አሁን ደግሞ ኮመንት ላይ "ይሄን ብገዛ አዲስ ዝርያ አገኛለሁ ወይ" የሚል ሰው ስለማይጠፋ ቀድሜ ልመልስ። ልታገኝ ትችላለህ፣ ግን በዚህ እቃ ብቻ አታረጋግጠውም። አይን በሁለቱም በኩል ይስታል። የኦክ እባጭ ሰሪዎች ብዙዎቹ በአመት ሁለት ትውልድ አላቸው፣ አንዱ ወንድና ሴት ያለበት፣ ሌላው ሴት ብቻ የሆነ ያለ ወንድ የሚወልድ፣ ሁለቱም የሚሰሩት እባጭ ይለያያል፣ ተርቦቹ ራሳቸውም አይመሳሰሉም። ኒውሮተረስ ኩዌርከስባካረም የምትባለውን ብንወስድ፣ በልግ ላይ (ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ማለቴ ነው) ቅጠሉ ስር ጠፍጣፋ የልብስ ቁልፍ የሚመስል እባጭ ትሰራለች፣ ከሱ የሚወጡት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ልጆቻቸው ደግሞ በጸደይ የኦኩ አበባ ዘለላ ላይ የወይን ፍሬ የመሰለ ክብ እባጭ ውስጥ ያድጋሉ፣ ወንድም ሴትም ይሆናሉ። ድሮ ሁለቱ ሁለት ስም ነበራቸው፣ ዝርያ ብቻ አይደለም ጂነሳቸው ራሱ የተለያየ ነበር። ኸርማን አድለር የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም ነው እባጮቹን ራሱ እያሳደገ፣ ተርቦቹን እምቡጥ ላይ እያስቀመጠ እየጠበቀ፣ አንድ መሆናቸውን በ1881 ባሳተመው ስራ ያሳየው። ማይክሮስኮፕ ስር ብቻ ብታያቸው ዛሬም ሁለት ናቸው ትላለህ፣ ማንም አይፈርድብህም።

በተቃራኒው ደግሞ ኦርማይረስ ላቦተስ አለ፣ ገዳዩ ወገን ነው። ከብዙ አስር አይነት እባጮች የሚወጣ አንድ ሁሉን በል ዝርያ ተደርጎ ሲጻፍ ኖሯል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በ2022 የወጣ ጥናት ዲኤንኤውን፣ የወጡበትን እባጭና ወቅቱን አንድ ላይ ሲያይ ቢያንስ 16 ዝርያ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ነው እኔ አሁን አንድ እግር ቆርጬ አልኮል ውስጥ ለዲኤንኤ ሳላስቀር ምንም ተርብ የማላጣብቀው። ዝርያ ለመለየት የምትነበበው የሚቶኮንድሪያ ባርኮድም (658 ፊደል የምትሆን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ናት) ብቻዋን ፈራጅ አይደለችም፣ ወልባኪያ የሚባል ባክቴርያ ተርቦች ውስጥ ገብቶ የሚቶኮንድሪያውን የዘር ሀረግ ያመሰቃቅለዋል። በቃ ሶስቱም ያስፈልጋሉ፣ ቅርጽ፣ ዲኤንኤ፣ እና የማሰሮው ላይ ያለችው ወረቀት፣ ከየትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው ክፍል፣ መቼ ተለቀመ መቼ ወጣ። ከሶስቱ በጣም የሚጠፋው የመጨረሻው ነው፣ እሱ ደግሞ ማይክሮስኮፕም ላቦራቶሪም አይፈልግም፣ እርሳስ ነው የሚፈልገው። (እርሳስ፣ እስክሪብቶ አይደለም፣ አልኮል ቀለሙን ያጥበዋል። ይሄንንም የተማርኩት በራሴ ነው።)

ትልቅ መሳሪያ የግድ አለመሆኑን ለማየት ኒውሮተረስ ቫልሃላን እዩ፣ ቴክሳስ ሂውስተን ውስጥ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቫልሃላ ከሚባል መጠጥ ቤት ደጅ ካለ የኦክ ዛፍ ነው የተገኘችው፣ በ2022 ስም ወጣላት፣ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስንት ባዮሎጂስት ዛፉ ስር ተቀምጦ ጠጥቷል! አልፍሬድ ኪንሲ፣ ያ በኋላ ስለ ሰው ወሲብ ባደረገው ጥናት አለም ያወቀው፣ ከዛ በፊት አመታት ሙሉ ስራው የእባጭ ተርብ ነበር፣ የሰበሰበው ናሙና በሚሊዮን ይቆጠራል፣ ኒውዮርክ ባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው ያለው። ያ ሁሉ ሲሰራ ኤልኢዲ የለ፣ ዲጂታል ካሜራ የለ።

ለማንኛውም ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለመለየትና ለማጣበቅ 10 ከ10፣ ለመግለጽና ለመሳል በወረቀቱ መከለያ 8፣ ያለ መከለያው 4፣ ካሜራው 2፣ ተጨማሪዋ ሌንስ ዜሮ። ጀማሪ ከሆናችሁ ይሄንኑ አይነት ግዙ፣ ግን ካሜራና ሌንስ የሌለበትን ርካሹን ፓኬጅ፣ በተረፈው የመለኪያ ስላይድና ጥሩ ወረንጦ ግዙበት፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሆነ። ወረንጦው ወለል ላይ እንዳይወድቅ፣ አንዴ ጫፉ ከታጠፈ አለቀለት፣ እኔ ሶስተኛዬ ላይ ነኝ። አሮጌ ግን ጥሩ ስም ያለው ስቴሪዮ ከተቋም ሲወገድ ካገኛችሁ ደግሞ ከዚህ አይነቱ አዲስ ይሻላል፣ ሻጋታ ሌንሱ ውስጥ እንደሌለ ብቻ በባትሪ አብርታችሁ እዩ።

እና ያቺን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አትጣሏት። ፎከስ ማዞሪያው በየሶስት በአራት ወሩ ይላላል፣ ሲላላ የማይክሮስኮፑ ጭንቅላት በራሱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ተርቧ ስሩ እያለች ሻይ ልታመጡ ብትሄዱ… እኔ ማጠፊያው ላይ በክር አስሬያታለሁ።